የአክስቴ ሸክላ ይቸኩላል

አንድ ዘፈን፣ አንድ ዘፋኝ፣ አንድ ባንድ፤ ሸክላው ግን ሁለት። ልዩነቱን መጀመሪያ የሰማው ኪቦርድ ተጫዋቹ ጓደኛዬ ነው። ጆሮው ክፉ ነው። ሚኒባስ ክላክስ ሲያደርግ እንኳ «ፋ ናት፤ ትንሽ ወርዳለች» የሚል ሰው ነው። የኔን ሸክላ አድምጦ ሲጨርስ የአክስቴን አስቀመጥንለት፤ ትራምፔቶቹ ገና ከመግባታቸው «ይሄኛው ይቸኩላል» አለ።

አክስቴ ሰሙት። «እኔ በሱ ነው የጨፈርኩት። የቸኮለው ያንተ ጓደኛ ነው» አሉኝ፤ እሱን ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። ከዚያ በኋላ ነገሩ የሙዚቃ ክርክር መሆኑ ቀረና የቤተሰብ ጉዳይ ሆነ።

የዘፋኙን ስም እዚህ አልጠራም። አፍቃሪዎቹ ብዙ ናቸው፤ በዚያ ላይ እሱ በነገሩ የለበትም። በአንድ ማይክራፎን ፊት ቆሞ ዘፍኖ ወደ ቤቱ ሄዷል። ጣጣው የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው።

ያን ጊዜ ሸክላ ማሳተም በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር የተሰጠ መብት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ የሚባል ገና 30 ያልሞላው የሙዚቃ ቤት ባለቤት አዋጁን ችላ ብሎ በራሱ ስም ማሳተም ጀመረ፤ የመጀመሪያ ዘፋኙም ዓለማየሁ እሸቴ ነበር። (ሁለቱን እሸቴዎች ወንድማማች የሚያደርግ ሰው አሁንም አይጠፋም፤ አይደሉም።) ቀጥሎ በሙዚቃ ቤቱ ስም «ዓሊ ታንጎ» የምንለው ዓሊ አብደላ ካይፋ መጣ፤ ፊሊፕስም ነበረ። «ኢትዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ ያሰናዳው ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እስከ 1978 ድረስ የወጡትን ባለ 45 ዙር ሸክላዎች ወደ 500 ያደርሳቸዋል። ይህ ሁሉ ሲሆን አገር ውስጥ ሸክላ የሚያትም ፋብሪካ አልነበረም። ቀረጻው እዚህ፣ ሕትመቱ ባሕር ማዶ ነው። ቴፑ ይሄዳል፣ ሸክላው በካርቶን ታሽጎ ይመጣል። ዘፈኑ ተወዶ ካለቀ ደግሞ እንደገና ይታዘዛል።

ይህን የሸክላ ነጋዴዎች ያውቃሉ፤ ዋጋ ሲጠሩ ደግሞ ከሚያውቁት በላይ ያውቃሉ። የኔን የሸጠልኝ መርካቶ ያለ ሰውዬ «የመጀመሪያው ሕትመት ነው ወንድሜ፣ ውፍረቱን እየው» ብሎ በጥፍሩ አንኳኳልኝ። ውፍረትና ቀዳሚነት ምን እንደሚያገናኛቸው አላስረዳኝም፤ ብሩን ግን የተቀበለኝ ለሁለቱም ነው።

እስከዚያ ድረስ ሁለቱንም የምናጫውታቸው በአክስቴ አሮጌ ማጫወቻ ነበር። ቺንጋው ላልቷል፤ ሲለው ይፈጥናል፣ ሲለው ያዘግማል። እንዲህ ያለ ዕቃ ዳኛ አይሆንም። ስለዚህ ዋሽንግተን ለሚኖረው ለአጎቴ ልጅ ደወልኩለት። «ጋራዥ ውስጥ የተቀመጠ አለኝ፤ የ70ዎቹ ነው፣ ከባድ ነው፣ እንደሱ አሁን አይሠሩም» አለና በመንገደኛ ሻንጣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ መጣ። እውነትም ከባድ ነው። ሳህኑን ብቻ ለማንሳት ሁለት እጅ ይፈልጋል።

220ውን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ገዛሁ፣ ስፒናውን ሰካሁ፣ መርፌውን አሳረፍኩ። አክስቴ የያዙትን ሲኒ አስቀመጡ። ዘፋኙ ሌሊቱን ሙሉ ማኅሌት ቆሞ ያደረ መርጌታ ሆኖ ወጣ።

«ምን አድርጋችሁት ነው?» አሉ።

ምንም አላደረግነውም፤ ያደረገው መብራቱ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀይራል እንጂ የመብራቱን ምልልስ አይነካም። የአሜሪካ መብራት በሰከንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል፣ የኛ 50 ጊዜ። የዚያ ዘመን የብዙ ማጫወቻዎች ሞተር ፍጥነቱን የሚወስደው ከዚህ ምልልስ ነው፤ ቮልቱ ትንሽ ቢጨምር ቢቀንስ ግድ የለውም። ስለዚህ በደቂቃ 45 ጊዜ መዞር የነበረበት ሳህን አዲስ አበባ ሲገባ 37 ተኩል ይዞራል። በኪቦርድ ብትለኩት ዘፈኑ ከሦስት ግማሽ ድምፅ በላይ ይወርዳል። ቅኝቱ ግን አይነካም፤ ሁሉም ድምፅ በአንድ ልክ ስለሚወርድ ትዝታው ትዝታ፣ ባቲው ባቲ እንደሆነ ይቆያል። ለዚህ ነው ዘፈኑን የማያውቅ ሰው «ቀዝቀዝ ያለ ነው» ከማለት አልፎ ምንም የማይጠረጥረው። አክስቴን ግን ማን ያታልላል?

መድኃኒቱ ፑሌጃ ነው። ሞተሩ ጫፍ ላይ ያለችውን፣ ቺንጋው የሚጠመጠምባትን ትንሽ ብረት በ20 በመቶ ማወፈር። ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ለ50 እና ለ60 የተለያየ ፑሌጃ ይሠሩ ነበር፤ የዛሬ ሃምሳ ዓመት የተሠራ ዕቃ መለዋወጫ ግን ሱቅ ገብተህ የምትገዛው አይደለም። ቶርኖ ቤት ሄድኩ።

ቶርነሩ ፑሌጃዋን በመዳፉ ላይ አስቀምጦ አገላበጣት። እርከኗ ሁለት ነው፤ ቀጭኑ ለ33፣ ወፍራሙ ለ45። ካሊበሩን አወጣ፣ ለካ፣ ደገመ፣ ቁጥሩን በእርሳስ ጠረጴዛው ላይ ጻፈ። «የስፌት መኪና ነው?» አለኝ። የሸክላ ማጫወቻ ነው ስለው ካሊበሩን አስቀመጠው። «ጌታዬ፣ የአይሱዙ ባለቤቶች እንኳ እንዲህ በፀጉር ልክ አይሉኝም።» የፀጉር ልክ ነገር እውነቱን ነው። አንድ ሴንቲሜትር በማይሞላ ብረት ላይ የአንድ ሚሊሜትር አሥረኛ ስህተት ማለት ከ1 በመቶ በላይ የፍጥነት ስህተት ነው፤ እኛ የምንከራከረው ደግሞ ስለ ጥቂት በመቶ ነበር። የነሐስ ቁራጭ ፈልጎ ሠራልኝ። አንጸባራቂ፣ ከድሮዋ የምታምር።

አሁን መለካት ነው። ለዚህ የሚያገለግል ዙሪያውን ሰረዝ ሰረዝ የተደረገበት ክብ ወረቀት አለ። በ50 ምልልስ ላለ አገር ለ33ቱ 180 ሰረዝ፣ ለ45ቱ 133 ሰረዝ ይደረግበታል። መብራቱ በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅ ፈዘዝ ስለሚል፣ ሳህኑ በልኩ ሲዞር ሰረዞቹ የቆሙ ይመስላሉ። ከፈጠነ ወደፊት ይሳባሉ፣ ከዘገየ ወደኋላ። የኔ ቤት አምፖሎች ግን ኤልኢዲ ናቸው፤ በነሱ ስር ወረቀቱ ግራጫ ሆኖ ከመዞር በቀር ምንም አያሳይም። ባለ ባላስት የድሮ ፍሎረሰንት ያስፈልጋል። ሰፈራችን ውስጥ እንዲህ ያለ መብራት የቀረው አንድ ፀጉር ቤት ብቻ ነው።

ማጫወቻውን ታቅፌ ገባሁ። ባለቤቱ ትልቅ ሰው ናቸው፤ መስታወቱ ስር ያለውን መደርደሪያ ከማበጠሪያና ከአልኮል ጠርሙስ አጸዱልኝ። ግማሽ ጭንቅላቱ የተላጨ ወጣት ወንበሩ ላይ ሆኖ ዘወር አለ። ሳህኑ ዞረ፣ ወረቀቱ ላይ የ45ቱ ሰረዞች ትንሽ ዋኙና ጸጥ ብለው ቆሙ። «ቆመ እኮ!» አለ ልጁ። እውነትም ቆሟል። የአክስቴን ሸክላ ከላይ ደረብኩና መርፌውን አሳረፍኩ። የራሱ ድምፅ ማጉያ ስላልነበረው ከመርፌው ብቻ የምትወጣዋን ቀጭን ድምፅ ለመስማት ሁላችንም ጎንበስ አልን።

መብራት የሄደው ያን ጊዜ ነው። ፀጉር ቤቱ ግድግዳ ከሚጋራው ምግብ ቤት ጄኔሬተር መስመር ተስቦለታል፤ ብዙም ሳይቆይ ያ ተነሳ፣ ፍሎረሰንቱ ብልጭ ብልጭ ብሎ በራ፣ ሳህኑም ቀጠለ። ዘፋኙ መጀመሪያ ደህና ነበር። ከዚያ ጎረቤት ምድጃ ለኮሱ መሰለኝ፣ ጄኔሬተሩ አቃሰተ፤ ድምፁም ቁልቁል ተንሸራተተ። ልጁ ሳቀ። እኔ ግን ዓይኔን ከወረቀቱ ዳር አላነሳሁም። ሸክላው ከወረቀቱ ያነሰ ስለሆነ የዳር ሰረዞቹ ይታያሉ፤ ሰረዞቹ ንቅንቅ አላሉም።

ነገሩን ሳሰላስል ማታ ሆነ። ጄኔሬተር ሲከብደው ዙሩ ይቀንሳል፤ ዙሩ ሲቀንስ ምልልሱ ከ50 ይወርዳል። ሞተሩ ያን ተከትሎ ይዘገያል። ችግሩ መብራቱም የሚበራው በዚያው ምልልስ ነው፤ እሱም እኩል ይዘገያል። ሚዛኑና ዕቃው አብረው ሲዋሹ ሚዛኑ ሁልጊዜ ልክ ነው ይላል። የሰረዙ ወረቀት የቶርነሩን ሥራ መርምሮ አሳልፎታል፤ ስለ መብራቱ ግን አንድም ቃል አልተናገረም። በነጋታው ሳህኑ ጠርዝ ላይ ቁራጭ ወረቀት ለጥፌ፣ ከግድግዳው መብራት ጋር ዝምድና በሌለው በስልኬ ሰዓት ዙሩን ቆጠርኩ። ደህና ነው። ዳኛ አገኘን።

ዳኛውም ፈረደ፦ ሁለቱ ሸክላዎች በእርግጥ ይለያያሉ። በዚያው ማጫወቻ፣ በዚያው መብራት፣ የአክስቴ 3 ደቂቃ ገደማ ከሚፈጀው ዘፈን ላይ 7 ሰከንድ ያህል ቀድሞ ያልቃል። ወደ 4 በመቶ ነው፤ አንድ ግማሽ ድምፅ 6 በመቶ ያህል ስለሆነ ልዩነቱ ከኪቦርዱ ሁለት ቁልፎች መሀል የሚወድቅ ነው። ጓደኛዬን ያሳበደውም ይኸው ነው። በየትኛውም ቁልፍ አብሮ ሊመታው አይችልም።

የኔው ሸክላ ደግሞ ሌላ አመል አለው፤ ይወላገዳል። ረዘም ተደርጎ የተያዘ የሳክስፎን ድምፅ ላይ ግልጽ ነው፤ በየዙሩ አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ። ይህ ከፍጥነት ጋር አይገናኝም፤ ቀዳዳው መሀል ላይ አልተበሳም። መስመሩ ከመሀሉ 6 ሴንቲሜትር ርቆ ባለበት ቦታ ቀዳዳው 1 ሚሊሜትር ብቻ ቢስት ድምፁ ወደ 1.7 በመቶ ወደ ላይ፣ ያንኑ ያህል ወደ ታች ይናጣል፤ ይህም በየ1.3 ሰከንዱ ገደማ ነው። የመርካቶው ሰውዬ ስለ ውፍረቱ ነግሮኝ ስለ ቀዳዳው ዝም ያለው ለምን እንደሆነ አሁን ገብቶኛል።

ፍጥነቱን በተመለከተ ግን የሸክላው መልክ የሚናገረው ብዙ አለ። ዘፈኑ አልቆ መርፌው ወደ ወረቀቱ የሚንሸራተትበት ለስላሳ ቀለበት ላይ በመርፌ የተጫሩ ፊደልና ቁጥሮች አሉ። እነዚያን የሚጭራቸው ከቴፑ ላይ ድምፁን ላከር በተቀባ ዝርግ ላይ የሚቀርጸው ባለሙያ ነው። ከዚያ ዝርግ የኒኬል ቅጂ ይወጣል፣ ከኒኬሉ ማኅተም፣ ከማኅተሙ ሸክላ። ስለዚህ ከአንድ ዝርግ የተወለዱ ሸክላዎች በፍጥነት ሊለያዩ አይችሉም፤ ጭረቱም አንድ ነው። የስልኬን ባትሪ አብርቼ አጋድሜ አየሁት። የኔው ላይ ቁጥሩ ረጋ ባለ እጅ ተጽፏል፤ የአክስቴ ላይ ደግሞ ጋደል ያለ፣ የመጨረሻው አኃዝ ላይ መርፌው አምልጦት ጭራ የተወ። ሁለት እጅ ነው። ሁለት ሰው፣ ሁለት ቀን፣ ምናልባትም ሁለት አገር፤ ሁለት የተለያዩ የቴፕ ማጫወቻዎችም። አንደኛው ቴፕ ማጫወቻ ትንሽ ከፈጠነ ወይም ከዘገየ ጉዳዩ አለቀ፤ ስህተቱ ኒኬል ላይ ተቀርጾ በየሸክላው ይባዛል።

ይህ የድህነት ታሪክ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የማይልስ ዴቪስ «ካይንድ ኦፍ ብሉ» እ.ኤ.አ. በ1959 ኒውዮርክ ውስጥ፣ በኮሎምቢያ ስቱዲዮ ነው የተቀረጸው። በመጀመሪያው ቀን ዋናው ቴፕ መቅረጫ ትንሽ ስለዘገየ፣ ቴፑ በትክክለኛ ፍጥነት ሲጫወት የአንደኛው ገጽ ዘፈኖች ከፍ ብለው ወጡ፤ እስከ 1992 ድረስም እንዲሁ ሲሸጡ ኖሩ። የሮሊንግ ስቶንስ «ቤገርስ ባንኬት» ደግሞ በተቃራኒው ከ1968 ጀምሮ ዝግ ብሎ ይሸጥ ነበር፤ የተስተካከለው በ2002 ነው። ስንት ጊታር ተማሪ ከሸክላው ጋር አልገጥም ሲለው ጊታሩን ሲወቅስ እንደኖረ አስቡት።

ከፍጥነቱ ሌላ የድምፁ ጠባይ አለ። የአክስቴ ጮክ ይላል፤ ትራምፔቱ ፊት ለፊት ይመጣል፣ ከበሮው ጠርዝ አለው። የኔው ደብዘዝ ያለ ነው፣ ባሱ ግን ወፍራም ነው፤ በዚያ ላይ ከዘፋኙ ጀርባ የቴፕ ፍሽታ ይሰማል። ቴፕ በተገለበጠ ቁጥር ቀጫጭኑ ድምፅ ይሳሳል፣ ፍሽታው ይጨምራል፤ የኔው ከዋናው ቴፕ ራቅ ካለ ግልባጭ የተቀረጸ ይመስለኛል። በዚያ ዘመን አንዳንድ ፋብሪካ የተበላሸ ሸክላ ከነመሀል ወረቀቱ ፈጭቶ ከአዲሱ ጋር ይቀላቅል ነበር፤ ያ ሲሆን ጸጥታው ራሱ አሸዋ አሸዋ ይላል። እውነቱን ለመናገር ግን እኔ የምወደው የራሴን ደብዛዛ ነው። ዘፋኙ እዚያ ላይ አይቸኩልም፤ የሚለውን አስቦ የሚል ሰው ነው።

ታዲያ ልኩ የትኛው ነው? ጓደኛዬ ላፕቶፑን ይዞ መጣ። ሐሳቡ ብልህ ነበር፦ ቀረጻው ውስጥ ትራምፔቶቹ ከመግባታቸው በፊት ኸም የሚል የመብራት ድምፅ አለ። ስቱዲዮ ውስጥ ከማጉያዎቹ የገባ ነው። መብራቱ 50 ከሆነ፣ ሸክላው በልኩ ሲዞር ያ ድምፅ 50 ላይ መቀመጥ አለበት። የኔን አጫወተ፤ 50 ላይ ቀጥ ያለ መስመር። «ያንተ ልክ ነው!» አለ፤ ደስ አለኝ። የአክስቴን አጫወተ፤ 50 ላይ ቀጥ ያለ መስመር። ተያየን። መርፌውን አነሳ፤ መስመሩ አልጠፋም። የገዛሁት ትራንስፎርመር ራሱ ነበር ኸም የሚለው።

ትራንስፎርመሩን ራቅ አድርገን፣ ሽቦውን አጠማዘን እንደገና ስናየው ከዚያ መስመር ስር የተደበቀ ደካማ መስመር ተገኘ። በኔው 49 አካባቢ፣ በአክስቴ 51 አካባቢ። ሁለቱም ልክ አይደሉም ማለት ነው። ይህም የዚያን ቀን የአዲስ አበባ መብራት እውነት 50 ከነበረ ነው፤ ስቱዲዮው በጄኔሬተር ይሠራ ከነበረ ደግሞ ፀጉር ቤቱ ድረስ ተመልሰናል። ኸምታው ቴፑ ሲገለበጥ የገባ ከሆነም ስለ ዘፋኙ ሳይሆን ስለ ገልባጩ ነው የምንማረው።

ለአክስቴ «ሁለታችንም ተሳስተናል፤ እኔ 2 በመቶ ወደ ታች፣ እርስዎ 2 በመቶ ወደ ላይ» አልኳቸው። «አንተ ተሳስተህ ይሆናል» አሉ፤ ሸክላቸውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ወደ ቁም ሣጥናቸው መለሱ።

ጓደኛዬ ያን ዘፈን ያጠና የነበረው ለሠርግ ነው። ልምምድ ላይ አብሬው ሄድኩ። የባንዱ ወጣት ዘፋኝ ከፍ ያለችው ቦታ ላይ ደረሰና ድምፁ ተሰነጠቀ፤ ሁለተኛም ሞከረ። ጓደኛዬ፣ ያ ሚኒባስ የሚያርም ሰውዬ፣ ምንም ሳይል ኪቦርዱ ላይ ያለችውን ማውረጃ ቁልፍ አራት ጊዜ ተጫናት። ሁለት ሙሉ ድምፅ። አሜሪካዊው ማጫወቻ መጀመሪያ ቀን ካወረደው ይበልጣል። ዘፋኙም አመሰገነና በነፃነት ዘፈነ፤ የሠርጉ ዕለት ሙሽሮቹም አብረውት አንጎራጎሩ።

የአጎቴ ልጅ ሰሞኑን ደውሎ ነበር። ጡረታ ሊወጣ ነው፤ ሸክላ መስማት አምሮታል፣ ማጫወቻውን በመንገደኛ መልስልኝ ይላል። በአዲሱ ፑሌጃ እዚያ 60ው መብራት ላይ ቢሰካው በደቂቃ 54 ይዞራል፤ ዘፋኙ ሁሉ ልጅ ይሆንበታል። የድሮዋን ፑሌጃ ፍለጋ ቶርኖ ቤት ሄጄ ነበር። ቶርነሩ ጠረጴዛውን አስሶ አጣት፤ በመጨረሻ «ለልጄ ሽክርክሪት ሠራሁባት መሰለኝ» አለኝ። ልጁ ትምህርት ቤት ነው፤ ቅዳሜ ና ተብያለሁ።